የስንዱን ፊት የሠሩ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ስንዱ የምትባል ግማሽ ፊቷን ያጣች ሴት ትኖር ነበር። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ታማ ስትነሣ አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ፤ ቁስሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የግራ ጉንጯንና የከንፈሯን ጥግ በልቶ ጥርሷን አደባባይ አወጣው። አባቷን አታውቀውም። እናቷ ሞተች። ያሳደገቻት የሰፈር ሴትም ሞተች። ስንዱ በሃያ ሦስት ዓመቷ እስከ ዓይኗ ድረስ በነጠላ ተሸፍና በሕክምና ትምህርት ቤቱ የሬሳ ክፍል ወለል ታጥብ ነበር። መጀመሪያ ምግብ ቤት አመልክታ ነበር፤ «ደንበኛ ይሸሽብናል» አሏት። ሬሳ አይሸሽም።

በዚያ ክፍል ይርዳው የሚባል መምህር ስለ ሰው አካል ያስተምር ነበር። ይርዳው በወጣትነቱ የፊትንና የክንድን የደም ሥሮች ሲለካ ዓመታት አሳልፎ አንድ ጥናት ጽፏል። ጥናቱ በትምህርት ቤቱ ዲን ስም ታተመ። የጥናቱ ባለቤት ይላካል የተባለበት የቀዶ ሕክምና ሥልጠናም ለዲኑ የእህት ልጅ ተሰጠ። ይርዳው አቤት አለ። «ማስረጃህን አምጣ» አሉት፤ ማስረጃው ያለው ዲኑ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሠራውን ለማንም ላያሳይ ማለ። ሌሎች ሐኪሞች ሲሆኑ እሱ እነሱን እያስተማረ፣ የፈተና ወረቀት እያረመ፣ እየሰለቸው ሃምሳ ዓመቱን ደፈነ።

አንድ ቀን ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውሃ ስትጠጣ አያት። ውሃው በጉንጯ ቀዳዳ ወርዶ ያጠበችውን ወለል አራሰው። ጎንበስ ብላ እንደገና ወለወለችው።

«ልጄ፣ እስቲ ነጠላውን ግለጪው» አላት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ምሳዎን ይብሉ። ካዩኝ በኋላ አይበሉም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ከሬሳ ጋር ነው። ግለጪው።»

ገለጠችው። ይርዳው ያን ቀን ምሳውን በላ፤ ደብተርም ገዛ። አሥራ አንድ ወር ፈጀበት። ደህነኛውን ጉንጯን ለካ፣ በሰም ሠራው፣ አፈረሰው፣ እንደገና ሠራው። በመጨረሻ መላውን አገኘ፦ ከግራ ክንዷ ላይ ቆዳውን ከነደም ሥሩ አንሥቶ እንደ ጨርቅ ማጠፍ፤ አንዱ ገጽ የአፍ ውስጥ፣ ሌላው ገጽ የጉንጭ ውጭ ይሆናል። በአካባቢው ይህን ሠርቶ የሚያውቅ አልነበረም። በአጉሊ መነጽር የደም ሥር መስፋት የሚችል ሐኪም ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነበር፦ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ የዲኑ የእህት ልጅ።

ይርዳው ሦስት ሳምንት አሰበ። ከዚያ መሐላውን አፍርሶ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለለት።

«ስሜ በየገጹ አለ» አለው።

«አይቻለሁ» አለ ልዑልሰገድ።

ስንዱ ይህን ስትሰማ የሬሳው ክፍል በር ላይ ጠብቃ የይርዳውን እጅ ሳመች። «አባቴ እርስዎ ነዎት» አለችው። ይርዳው ሚስት አግብቶ ልጅ ለመውለድ ጊዜ አላገኘም ነበር፤ ለምሬቱ ግን ጊዜ ነበረው። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ አለቀሰ።

ዶክተር ልዑልሰገድ ደብተሩን ይዞ የሆስፒታሉ ቦርድ ፊት ቀረበ። «ብትሞትብንስ? ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ጉንጭ ስማችን ይጥፋ?» አሉት። የተሰፋው ጉንጭ ቢሞት ከክፍል ኃላፊነቱ እንደሚለቅ ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ አሥራ ሦስት ሰዓት ቆመ። እንደ ስንደዶ የቀጠኑ የደም ሥሮችን ዓይን በማያየው ክር አንድ በአንድ ቀጠላቸው። ደሙን የያዘውን መቆንጠጫ ሲፈታ ደሙ ገባ፤ የሞተው ቆዳ ሞቀ። እሱ ግን ቀና ማለት አቃተው። አንገቱ እንደተደፋ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ዘወር ብሎ ማየት ሲፈልግ ከነወገቡ ነው የሚዞረው። ስንዱ ስትነቃ መናገር ስላልቻለች ወረቀት ጠይቃ ጻፈችለት፦ «አባቴ እርስዎ ነዎት።» ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ጉንጭ ጠቆረ፤ ጉበት መሰለ። ልዑልሰገድ ጣቱን አሳርፎበት አነሣና ከራሱ ጋር ማውራት ጀመረ። «ደሙ ይገባል፤ መውጫ አጥቷል። ዳግመኛ በማደንዘዣ ባስተኛት አትችለውም። ሰለጠነ በሚባለው አገር እኮ ለዚህ የታጎረውን ደም የሚመጥ አልቅት መድኃኒት ቤት ውስጥ ያስቀምጣሉ!»

አልጋ የሚገፋው ጓንጉል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሆስፒታል ከመቀጠሩ በፊት ከብት ያረባ የነበረ ሰው ነው። «አልቅት? ያቺ ከብት ጉሮሮ ውስጥ የምትጣበቀው? ጌታዬ፣ በእኛ አገር አልቅት በዝቶ እንጂ ጠፍቶ ተክዞ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ታመጣለህ?»

«ዛሬውኑ።»

አለቃው ግን «ፈረቃህን ጥለህ ከወጣህ ተመልሰህ አትምጣ» አለው። ጓንጉል ወጣ። ረግረጉ ውስጥ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ እግሩን ማጥመጃ አድርጎ ግማሽ ቀን ቆመ። የተጣበቁበትን እየላቀቀ በጄሪካን ይዞ መጣ። ስድስት ቀን ከአልጋዋ ራስጌ ሳይነሣ አንዷን አልቅት ሲያሳርፍ፣ ጠግባ ስትወድቅ ሌላዋን ሲተካ ሰነበተ። «ይቺ ሰነፍ ናት፤ ይቺን እዪያት፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ትመጠምጣለች» እያለ ስንዱን ያስቃት ነበር፤ ስፌቱ እንዳይፈታ «አትሳቂ!» ብሎ መልሶ ይቆጣታል። በስድስተኛው ቀን አዲስ የደም ሥር በቀለ፤ ጉንጩ የሰው መልክ ያዘ። ጓንጉል ሥራውን አጣ፤ እግሩም አመርቅዞ እያነከሰ ቀረ። ስንዱ በአዲሱ ከንፈሯ የመጀመሪያ ቃል ስታወጣ ያለችው «አባቴ» ነው፤ ከፊቷ የነበረውም ጓንጉል ነው።

ስንዱ አልዋሸችም። ሦስት ጊዜ ተናገረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ከልቧ። ሦስቱም ግን አመኗት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አድማሱ የሚባል በያጅ ወደዳት፤ ሽማግሌ ላከ። የሙሽራው ወገን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ልጅቱ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትሰጠን፤ አባት ሆኖ የሚቀመጠው ማነው? ስንዱ ለአንዱ «እርስዎ አይደሉም» ማለት ጨነቃት፤ ይሉኝታ ያዛት። ለየብቻ ሄዳ ሦስቱንም «አባቴ፣ እንዳይቀሩብኝ» አለቻቸው።

ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ።

ቀድሞ የደረሰው ይርዳው ነበር። የሰርጉ ድንኳን ውስጥ ለሙሽራዋ አባት የተዘጋጀ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ አንድ ወንበር አየ። ጉልበቱን እያመመውም አልተቀመጠም፤ ሳይጠሩት መቀመጥ አልለመደም። ልዑልሰገድ ከነወገቡ እየዞረ ሰላምታ እየሰጠ ገባ። ጓንጉል እያነከሰ ተከተለ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ጋሽ ውብሸት «የሙሽራዋ አባት የትኛችሁ ናችሁ?» ሲል ሦስቱም «እኔ» አሉ።

«ይቺ ልጅ አባት የላትም ብለውን ነበር» አለ ጋሽ ውብሸት። «እንደ መስከረም እንጉዳይ በአንድ ሌሊት ከየት በቀለላት?»

«ሦስት ወንበር ይምጣና እንገላገል» አለ አንድ ወጣት።

«አይሆንም! የዘመዶቼን አፍ አታውቀውም። ሦስት አባት ያላት ልጅ ምን እንደምትባል እኔ ልንገርህ? ደግሞስ ነገ ከባሏ ብትጣላ የምትመለሰው ወደ ማን ደጅ ነው? የማንስ ደጅ ነው እኛ ለእርቅ የምንቆምበት? አንድ ጉልበት፣ አንድ ምርቃት፣ አንድ ደጅ።»

ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ፊት ማንም ሳያስበው ያሰብኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ሥራዬ የእኔ፣ ክብሩ የሌላ ሰው ሆኖብኛል። እዚህም እንዲደገም አልፈቅድም።» ይህን ሲናገር ዓይኑ ልዑልሰገድ ላይ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ልዑልሰገድ። «ያኔም አውቅ ነበር። ሥልጠናው ያንተ መሆኑን እያወቅሁ ሄድኩ።»

ይርዳው ይህን ቃል ሃያ ዓመት ጠብቆታል። ሲመጣ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ድካም ብቻ ተሰማው።

«ግን ያን ቀን አልሄድም ብል ኖሮ» አለ ልዑልሰገድ፣ «እዚህ ከተማ የሚሰፋላት እጅ አይኖርም ነበር። ጥፋቴን ንገርብኝ፤ ሥራዬን ግን አትቀማኝ።»

«እጁ የእኔ ይሆን ነበር።»

«ምናልባት።»

ጓንጉል በሁለቱ መሃል ገባ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ጠቡም የተማረ ጠብ ነው፤ አይገባኝም። ደብተሩም ነበረ፣ ስፌቱም ነበረ፤ ጉንጩ ግን እየሞተ ነበር። ማነው ከሞት ያስጣለው?»

«አልቅቱን የጠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለ ልዑልሰገድ።

«መጥራትማ ከወንበር ላይ ሆኖም ይቻላል፣ ጌታዬ። እኔ እግሬን ነው ያበደርኩት፤ ሳይመለስልኝ ቀረ።»

«እንግዲያውስ አልቅቷን እናስቀምጣት!» አለ ጋሽ ውብሸት፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ከጥግ አንዲት ሴት «ክንዱስ የማን ነበር?» አለች።

በዚህ መሃል ስንዱ ከጓዳ ወጣች። አድማሱ ክንዷን ይዟታል። ፊቷ አልተሸፈነም። ከወንበሩ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ባዶ መሆኑን አየች፤ ከጀርባው የቆሙትን ሦስቱን አየች፤ ያደረገችውም ያን ጊዜ ገባት።

«አባቴ» አለች፣ በቀስታ።

ሦስቱም ቀና አሉ፤ አንገቱ የማይነሣለት እንኳ ሞከረ። ሦስቱም አንድ እርምጃ ወደ ወንበሩ ቀረቡና ቆሙ። ይርዳው እጁን ቢዘረጋ ጨርቁን ይነካዋል። ቢቀመጥ የሚያስነሣው ሰው የለም፤ ቢያልፈው ደግሞ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወንበር አይቀርብለትም። የሌሎቹ የሁለቱም ዕድል ከእሱ የተሻለ አልነበረም።

እንግዲህ ተረኛ ዳኞች እናንተ ናችሁ፤ እኔ ፈራጅ ካየሁ ቆይቻለሁ። አንዱ አስቦ፣ የበደለውን ሰው ደጅ ረግጦ ሰጣት። አንዱ በሌላው ዕድል በተማረ እጁ ሰፋላት። አንዱ ማንበብ ሳያውቅ የሁለቱን ድካም ከሞት አፍ ነጠቀላት። ሙሽራዋ ጎንበስ ለማለት ተዘጋጅታ ቆማለች፣ ወንበሩም አንድ ነው፦ ማን ይቀመጥበት? ስንዱ በዚያ ከንፈሯ የማንን ጉልበት ትሳም?