ባዶውን የሚሽከረከረው ጎማ

አንድ ቀን፣ ያውም ክረምቱ እልህ በተጋባበት ሰሞን፣ የሽብሩን የጭነት መኪና በቆሎ እንደጫነች ወደ ማሻ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭቃ ይዞ አስቀራት። ሽብሩ ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ «ለኋላ ጎማዎቹ ጉልበት የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ላይ ሎክ፣ ማለት መቆለፊያ፣ ይገጠምልኝ፣ ጎማዎቹ አብረው ይዙሩ» እያለ ሲለምን ኖሯል። መልስ የሚሰጠው ግን ኢዮስያስ ነው። ኢዮስያስ ማለት የባለንብረቱ የአቶ ዘለለው ሚስት ወንድም ነው። መፍቻ ጨብጦ አያውቅም፤ ቢሆንም «የቴክኒክ ኃላፊ» ተብሎ ወንበሩም፣ መኪናውም፣ ደሞዙም ተሰጥቶታል። ታዲያ ሎኩን ትቶ የመረጠው ምን መሰላችሁ? የሚያብረቀርቅ የጎማ ክዳን። ጭቃው ክዳኑን አይቶ አፍሮ እንዲያሳልፍ ነው መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ዘለለው ራሳቸው ኢዮስያስን አስከትለው መጡ። ሚስታቸውን ስለሚፈሩ ኢዮስያስን ክፉ አይናገሩትም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሽብሩ ላይ ወረዱበት።

«ችግሩ የሾፌር ነው» አለ ኢዮስያስ፣ ጫማው እንዳይነካ ራቅ ብሎ ቆሞ። «ዕቃ መቀየር ቅንጦት ነው። ይሄ ሰውዬ ነዳጅ አሰጣጥ አያውቅም።»

«ሰምተሃል» አሉ አቶ ዘለለው። «ወይ በቂ ምክንያት ንገረኝ፣ ወይ ቁልፌን አስረክበኝና ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ሽብሩ የአምስት ልጆች አባት ነው። ምክንያቱን ሊያሳያቸው ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ረገጠ። ጭቃ ውስጥ ያለው የግራ ጎማ እየጮኸ ተሽከረከረ፤ ድንጋይ ላይ ያረፈው የቀኙ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወረደ።

«አዩት ጋሼ? ሎክ የሌለው ዲፈረንሻል ጠባዩ ይሄ ነው። መሬት የያዘው ጎማ ጉልበት ቢያገኝ መኪናዋን ያወጣት ነበር። ጉልበቱ ግን የሚሄደው ባዶውን ለሚሽከረከረው ነው።»

አቶ ዘለለው ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጎማ አዩና ደማቸው ፈላ። «ምን ዓይነት ጅል ዕቃ ነው እባክህ? ሠራተኛውን እያስራበ ሥራ ፈቱን የሚቀልብ! እንዲህ አድርጎ ያሰበው ሰውዬ ለመሆኑ ጭንቅላት አለው?»

ሽብሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ኢዮስያስን አየት አደረገው።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ራስዎን እየሰደቡ ነው። ዲፈረንሻሉ እንኳ ባዶውን የሚሽከረከረውን የሚቀልበው ሎክ አጥቶ ነው፤ የሚስቱ ወንድም ሆኖበት አይደለም።»

ቁልፉን የጠየቀ የለም፤ ኢዮስያስ ግን ሱሪውን ሰብስቦ መኪናዋን ሲገፋ ዋለ።