በአርባ ስምንተኛው መንጠቆ የታሰረው ሰው

በአንድ ወቅት፣ የዘር ክሩ በተበጠሰበት ዕለት፣ የይርዳው ኑሮ ተበላሸ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም በክፉ አንስቶት አያውቅም ነበር።

ይርዳው የሚኖርባት አገር ሴል ትባላለች። በሰው ቆዳ ውስጥ ያለች፣ በዓይን የማትታይ አገር ናት። ሕጓ ሁሉ የተጻፈው የዘር ክር በሚባል አንድ ረጅም ክር ላይ ነው። ክሩ በየቦታው እንደ ፈትል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ይርዳው ከጥቅሎቹ የአንዱ ጠባቂ ነበር። ለዚህ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የተማረ፣ ጥቅሉን ትቶ አንድ ቀን እንኳ ያልራቀ ሰው።

በዚያች አገር ትእዛዝ በአፍ አይነገርም፣ በዩቢኪቲን ይታሰራል እንጂ። ዩቢኪቲን ሰባ ስድስት ዶቃዎች ተሰክተው የተድበለበሉባት ትንሽ ነገር ናት። ጅራት አላት፤ ከዶቃዎቿም ሰባቱ መንጠቆ አላቸው። የአንዷ ጅራት በሌላዋ መንጠቆ ላይ ሲታሰር፣ በዚያችም ላይ ሌላ ሲጨመር፣ ሰንሰለት ይሆናል። በአርባ ስምንተኛው ዶቃ መንጠቆ የተያያዘ ሰንሰለት ተጣጥፎ ይኮማተራል፤ እሱ የሚታሰርበት ያረጀ ወይም የተጣመመ ሰው ወደ ወፍጮ ተወስዶ ይፈጫል። በስልሳ ሦስተኛው የተያያዘው ግን ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ «እዚህ ጉዳት አለ፣ ጠጋኞች ድረሱ» ማለት ነው፤ ክር ሲበጠስም በአጠገቡ ባለው ጠባቂ ላይ ይታሰራል። ዶቃው ያው ዶቃ፣ ጅራቱም ያው ጅራት ሆኖ ሳለ በማሰሪያው ቦታ ብቻ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይድናል። ይርዳው ይህን ባሰበ ቁጥር ይገርመው ነበር። በራሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ።

ሰንሰለት የሚያስሩት ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ጓንጉል እሳት ተሰጥቶታል፤ እሱ በእሳቱ ካላነቃት በቀር ዩቢኪቲን ከማንም ጋር አትያያዝም። መካከለኛው ምትኩ እጅ ተሰጥቶታል፤ የነቃችውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ በየትኛው መንጠቆ እንደምትታሰር የሚወስነውም የእሱ እጅ ነው። ታናሽየው ወንድይራድ ዓይን ተሰጥቶታል፤ የሚታሰረውን ሰው ለይቶ ይጠቁማል። አንድ ነገር ግን አለ። ቀጥ ያለውን ሰንሰለት ምትኩ ብቻውን ማሰር አይችልም። አትጠገብ የምትባል ሴት ዩቢኪቲኗን አዙራ ትይዝለታለች፤ ያኔ ስልሳ ሦስተኛው መንጠቆ ወደ እሱ ይመለሳል። እሷ ከሌለች እጁ ወደለመደው ወደ አርባ ስምንተኛው ይሄዳል።

ክሩ የተበጠሰው ከይርዳው ጥቅል አጠገብ ነው።

«ኧረ ድረሱ! ክሩ ተበጠሰ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድይራድ ቀድሞ ደረሰና ጣቱን ቀሰረ። «ይሄ ነው! እሰረው!»

«ይርዳውን?» አለ ምትኩ፣ እያለከለከ።

«አዎ እሱን! ቶሎ በል እንጂ!»

ምትኩ ቶሎ አለ። ይርዳው ሰንሰለቱ በጀርባው እንዲዘረጋ ቢጠብቅ፣ ከማጅራቱ ሥር እንደ ጡጫ ተኮማተረበት።

«ምትኩ፣ ተጣጠፈብኝ እኮ!»

«አትነቃነቅ፣ የተባልኩትን ነው የማስረው።»

«እንዲህ እሰር ያለህ ማነው?»

«እሱን ሄደህ አለቆችህን ጠይቅ!»

አለቃ የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። የወፍጮው ወሳጆች መጥተው ይርዳውን አንጠልጥለው ሄዱ፤ ክሩም ጠባቂና ምልክት አጥቶ ጫፉ መተርተር ጀመረ።

በወፍጮው በር ላይ የተቀመጡት ባሻ ዘርጋው ናቸው። የሚገባውን ሰው ሰንሰለት ቆርጠው ያስቀራሉ፤ ሰውየው ይፈጫል፣ ዩቢኪቲን ግን አትባክንም።

«ባሻ፣ እኔ አላረጀሁም፣ አልተጣመምኩም» አላቸው ይርዳው።

«እዚህ የመጣ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፣ ልጄ። አንገትህን አዙር።»

«የጥቅል ጠባቂ ነኝ! ክሩ ተበጥሷል፣ ጠጋኝ የጠራለት የለም!»

ባሻ መቁረጫቸውን ይዘው ቆሙ። «ክር በተበጠሰ ቀን ጠባቂ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። ትንሽ አስበውም፣ «ደንባችንን ታውቃለህ። አሳስቶ ያሳሰረ፣ ሰንሰለቱ በእሱ አንገት ይዞራል። አንድ አጥፊ አሳየኝ፤ አንተ ወደ ክርህ ትመለሳለህ። ከሌለ ትገባለህ» አሉት።

ወንድማማቾቹ ተጠሩ።

ጓንጉል፣ «እኔ እሳት ሰጠሁ» አለ። «እሳት በማን አንገት እንደምትወርድ አታውቅም። አትጠገብን ወደ ዳር አገር የላክኋትም እኔ ነኝ። ጠላት ገብቶ ነበር፤ አገሩን ለጠላት የሚያስነሣው ሰንሰለትም ቀጥ ያለው ስለሆነ ያለ እሷ አይታሰርም። ባልልካት ዛሬ የምንከራከርበት አገር ባልኖረ።» እውነቱን ነው፤ ጠላት የተባረረው በእሷ ነው።

ምትኩ፣ «የምታዞርልኝን ሰው ወሰዱብኝ፤ ከዚያ ‹ቶሎ በል› አሉኝ» አለ። «እጄ የሚያውቀውን ሠራ።»

«ተጣጠፈብኝ ስልህ ሰምተኸኛል» አለ ይርዳው።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ምትኩ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «ሰምቼስ? ያለ እሷ የማውቀው ማሰር አንድ ነው። ካላሰርኩ ሰነፍ ልባል?»

ወንድይራድ ደግሞ፣ «የጠቆምኩት ሰው ትክክል ነው» አለ። «ምልክቱ በይርዳው ላይ መዋል ነበረበት። ክር ሲበጠስ የትኛው ሰንሰለት እንደሚታሰር ለዚህ ለታላቅ ወንድሜ ልንገረው? ሕፃን ነው እንዴ?»

«ሲያስረኝስ ለምን አላየህም?»

«ሌላ የተበጠሰ ካለ ብዬ ዞር ብዬ ነበር።»

ባሻ ሦስቱንም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የጓንጉልን እሳት የሚተካ በአገሩ የለም ማለት ይቻላል፤ እሱ ከገባ ማንም ዳግመኛ በምንም አይታሰርም። እንደ ምትኩ ያሉ እጆች ጥቂቶች ናቸው። እንደ ወንድይራድ ያለ ዓይን ያላቸው ግን ብዙ መቶ ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል አገር አይጎዳም። ወንድይራድ ይህን ከባሻ ፊት አነበበና፣ «የምገባው ስላጠፋሁ ነው ወይስ ስለበዛን?» ሲል ጠየቀ። ባሻ ወደ ይርዳው ዞሩ።

ይርዳውን ከወፍጮው ይልቅ ሌላ ነገር አንገበገበው። ሦስቱም የሠሩትን አንድ በአንድ ተናግረዋል፤ «እኔ ነኝ» ያለ ግን አልተገኘም። ወፍጮው ከበስተጀርባው ይዞራል፣ ክሩም እየተተረተረ ነው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ሰንሰለቱ በማን አንገት ይዙር? እሳቱን ሰጥቶ ሴቲቱን በላከው? እየሰማ ባሰረው? ወይስ ትክክለኛውን ሰው ጠቁሞ ፊቱን ባዞረው? ባሻ መቁረጫቸውን አንሥተዋል። ይርዳውም ወደ እናንተ ዞሮ፣ «ተናገሩ እንጂ! አንዳችሁ እንኳ መልሱልኝ!» ይላል።