የወቅፉ እህል የማን ነው?

ግንቧ ያረጀ፣ ገበያዋ ግን የደራ አንዲት ከተማ ውስጥ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ፈጡማ የምትባል አንዲት ድሃ ሴት እስከሞተችበት ቀን ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

የገበያውን መሬት ድሮ አንድ ደግ ሰው ገቢው ለዘላለም ለከተማው ሕዝብ እንዲውል ብለው ወቅፍ አድርገውታል። ነጋዴዎቹ ለየሱቃቸው ኪራይ ወደ ወቅፉ ጎተራ እህል ያስገባሉ። ጎተራው እንዲጠብቁት በአማና የተሰጠው ለከተማው አንደኛ ሀብታም ለሀጂ ሙክታር ነበር። ሀጂው ከዚያ እህል ለመስጠት ችግረኛውን ደጃቸው ላይ ፀሐይ ላይ ያሰልፋሉ፤ ምስክር ያስጠራሉ፤ "ወላሂ ምንም የለኝም" ያሰኛሉ። ሰውም ጥንቁቅ ናቸው እያለ ያመሰግናቸዋል። ጎተራው ግን ነቀዝ እየበላው ሞልቶ ተቀምጧል።

ፈጡማ ባሏ የሞተባት ሰፌድ ሰፊ ናት። ያን ዓመት ዝናብ ቀርቶ ሰፌድ የሚገዛ ሲጠፋ፣ እየተሸማቀቀች ተሰለፈች። ሀጂው እጇ ላይ የብር አምባር አዩ።

"አምባር ያሰረች ሴት ደግሞ ሚስኪን ናት?" ብለው ሰው ፊት መለሷት።

አምባሩን ሸጣ በላች። ሲያልቅባት ተመልሳ ሄደች።

"የሸጥሽበት ገንዘብ የት ደረሰ?" አሏት። ሰልፉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ በሩን ሰብረው ሲገቡ ሞታ አገኟት፤ ምድጃዋ ከቀዘቀዘ ሰንብቷል።

ለጀናዛዋ ሀጂ ሙክታር አዲስ ነጭ የመገነዣ ጨርቅ፣ ከፈን፣ ይዘው መጡ። ሸህ ጀውሃር ከፈኑን አዩት፤ ቀጥለው ሰውዬውን አዩ።

"ለዚህስ ምስክር አልጠየቅክም?"

"ሸህ፣ ለአላህ ብዬ ነው ያመጣሁት።"

"በሕይወቷ እፍኝ ማሽላ ከልክለህ፣ ስትሞት ጨርቅ? ውሰድልኝ!" ብለው ጮኹ። ከትከሻቸው ላይ ኩታቸውን አውርደው "በዚህ ክፈኗት" ሲሉ አስከሬኗን ላጠቡት ሴቶች ሰጡ።

ሰግደውባት ከቀበሯት በኋላ ለቀብሩ የተሰበሰበውን ጀመዓ አስከትለው በቀጥታ ጎተራው ጋ ሄዱ።

"ቁልፉን አምጣ። ከዛሬ ጀምሮ በየቤቱ ለእያንዳንዱ ነፍስ እኩል ይሰፈራል። ላለውም ለሌለውም። ያንተም ቤት አይቀር።"

"ወቅፉ እኮ የድሃ ነው!"

"መሬቱን የሰጡት ወቃፊ 'ለከተማው ሰው' አሉ እንጂ 'ሙክታር ደጅ ለተንበረከከ' አላሉም።"

"እንዲሁ ከተሰጠውማ ማን ይሠራል? ሰነፍ ያበዛሉ።"

"ልጆችህ ከተወለዱ ጀምሮ ሳትጠይቃቸው አብልተሃል። ሰነፉብህ?"

ሀጂው ጀመዓው ፊት ቁልፉን አስረከቡ።

ከዚያ ወዲህ እህሉ በአህያ ተጭኖ በየበሩ ዞረ። ሸማኔው መሸመኑን፣ ሸክላ ሠሪዋም ሥራዋን አልተዉም። ሀጂ ሙክታር ለረጅም ጊዜ ሸሁን ሰላም አላሉም። አንድ የሸሁ ወዳጅ "በጀናዛ ላይ እንዲያ መቆጣት አልከበደዎትም?" ቢላቸው፣ ሸህ ጀውሃር "ሰው ሐቁን ሲቀበል አንገቱን አታስደፉት" ብቻ አሉ።

ልብ በሉ፤ "ሐቁን"፣ የሚገባውን ድርሻ፣ ነው ያሉት፤ "ሰደቃ" አላሉም። ዛሬም ሁላችን በሠራነው መንገድ ጭኖ፣ ሁላችን በምንገዛበት ገበያ ሸጦ የከበረ ሰው፣ ድሃው ድህነቱን በማኅተም አረጋግጦ እንዲመጣ ይጠይቃል። ከሰጠም ፎቶ ያስነሳል። በልቶ ለማደር ሰው ሆኖ መፈጠሩ ካልበቃው፣ ምን ሌላ ምስክር እንዲያመጣልን ነው? ነገ አላህ ፊት ስንቆም ስለ ረሀቡ የሚጠየቀው የተራበው አይመስለኝም። ጎተራውን ቆልፈን የያዝነው ነን።