የተሰፋችው ቅልና ሰባቱ ከረጢቶች

ሰማይን ያለ ምሰሶ ለዘረጋ፣ የመበለቲቱንም እፍኝ ዱቄት ላልናቀ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን፤ እርሱን በድንግልና የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በአንዲት ባለትዳር ጓዳ ያደረገችውን ተአምር እነግራችኋለሁና፣ ምእመናን ሆይ፣ ልቡናችሁን ሰብስቡ። እናንተም ከወዲያ ጥግ የምትንሾካሾኩ እመቤቶች ጆሮ ስጡኝ፤ ነገሩ የነገሥታት አይደለም፣ የእናንተው የጓዳ ነገር ነው።

በላይኛው ጎጃም ወይራ ጫፍ ማርያም በምትባል አጥቢያ፣ ዝማም የምትባል፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን የሆነ፣ እመቤታችንን አጥብቃ የምትወድ አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ ይርዳው ይባላል፣ አምስት ልጆችም ወልደው ነበርና በአንድ ጣራ ሥር ሰባት አፍ ነበረ። መሬታቸው ጠባብ፣ በሬያቸውም አንድ ነበረ፤ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ ይሉታል፤ ይርዳውም ቦራን ከጎረቤቱ በሬ ጋር እያቀናጀ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጥማድ ተራ በተራ ያርሱ ነበር።

ይህች ሴት የቤቷን ሥርዓት ከየዕለቱ የእመቤታችን ምስጋና ጋር አስማምታ ሠርታ ነበር፤ ለሰኞ የሰኞ ምስጋና፣ ለማክሰኞም የማክሰኞ ምስጋና እንዳለ አይታ፣ «ነፍስ ቀን ተቆርጦላት ስትመገብ ሥጋ ለምን በዘፈቀደ ይበላል?» አለችና ሰባት ከረጢት ሰፍታ በጓዳዋ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ከዚያም ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ በየከረጢቱ የየዕለቱን ቀለብ ትሰፍር ነበር፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ጎመን፣ ረቡዕ ምስር፣ ዓርብ ሽምብራ፣ ቅዳሜ ከሳምንቱ የተረፈው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ፣ እሑድም ካለ አይብ። ሐሙስ የባቄላ ክክና የገብስ ቂጣ ነበር፤ የሐሙስ ከረጢት ከሁሉ ታንሳለች፣ ይርዳው ገበያ ውሎ ከዘመድ ቤት ቀምሶ ስለሚመጣ አንድ አፍ ይጎድላልና። ይህችን ትንሽ ከረጢት አትርሷት፣ እንመለስባታለን።

በዚያ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። ጋቢው ሲሳሳ ይተረተርና ኩታ ይሆናል፣ ኩታው ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ መጠቅለያው ከረጢት ይሆናል፣ ከረጢቱም ሲበሳ ክሩ ተመዞ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይፈተላል። እንስራ ቢሰበር አንገቱ የድስት ማስቀመጫ፣ ገሉም የፍም መጫሪያ ነው። አገሩ ሁሉ በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያለ ሲፎክር፣ እርሷ የጎመኑን ምንቸት አጥባ የጎመን ዘር ታኖርበት ነበር። የምትሰፍርባት ቅል እንኳ አንድ ጊዜ ወድቃ ተሰንጥቃ፣ በጅማት ተሰፍታ በሰም የተደፈነች ነበረች።

ስእለቷ ግን ይህ ነው። ማለዳ ተነሥታ የዕለቱን ምስጋና ታደርስና፣ የዕለቱን ቀለብ በተሰፋችው ቅል ሰፍራ፣ ከላዩ አንዲት እፍኝ ዱቄት አንሥታ በስምንተኛ ከረጢት ትጨምር ነበር፤ ይህም ከሠርግ ቀሚሷ የሰፋችው ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን የተጠራቀመውን ዱቄት በትንንሽ እራፊ ጨርቅ እየቋጠረች በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ትሰጥ ነበር፤ ከዚያች ከረጢት ለቤቷ አንድ እፍኝ እንዳታወጣ ለእመቤታችን ቃል ገብታለች፤ አሥራ ሁለት ዓመትም እንዲህ አደረገች። አይ ሰው! ሰው ግን ምን አላት? «ቆንቋናዋ ዝማም» አላት።

ከዕለታት በአንድ ቀን፣ ሰኔ ሃያ አንድ፣ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር በባሻ ፈንታ ቤት ሆነ። ባሻ ፈንታ ሦስት ጎተራ ሙሉ እህል ያለው፣ ምላሱ የተሳለ ባለጸጋ ነው፤ ጠላው ሞቅ ባደረገው ጊዜ ወደ ይርዳው ዞረና፣ «ይርዳው፣ ያንተ ተራ ለጥር ነው አሉ። እስከዚያ ሚስትህ አንዲት አተር ለስንት እንደምትከፍል ታስብበታለች!» አለ፤ ሠላሳ ስድስቱ ማኅበርተኞችም ቤቱ እስኪናጋ ሳቁ። ይርዳውም ፊቱ ደም ለብሶ ተነሣና ጽዋውን አፈፍ አድርጎ፣ «ጥርን ማን ይጠብቃል? ለሐምሌ ተረኛ እኔ ነኝ! በሬ ጥዬ አበላችኋለሁ!» አለ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያ አገር ጽዋ አንሥቶ መመለስ ከማኅበሩ መውጣት ነውና የሚመልሰው አልነበረም።

ነገሩን ሲነግራት ዝማም የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ፣ «አንተ ሰው፣ በሐምሌ!» አለች። ጎተራዋን በቅል ሰፍራ፣ እሸት እስኪደርስ ያሉትን ቀኖች በጠጠር ቆጥራ ጨርሳለች፤ ለሠላሳ ስድስት ሰው አንድ ቀን ከሰፈረች ልጆቿ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የሚቀምሱት የላቸውም። ቦራ ከታረደ ደግሞ የጤፍ ዘር በዚያው ሳምንት ነውና የእነርሱም የጎረቤቱም ማሳ ጦም ያድራል፣ ሁለት ቤት ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ይርዳው የቆጡን ክብር አወርድ ብሎ የብብቱን በሬ ሊጥል ነው፤ ያውቀዋልም፣ ግን ወንድ ነኝ ብሏል።

ሐምሌ ሃያ ቀን፣ ረቡዕ፣ ይርዳው ከጓዳ ገብቶ ስምንተኛውን ከረጢት አየና፣ «ይህንንስ ለምን አትከፍችውም? የእመቤታችን ማኅበር አይደል፣ የእመቤታችንን ድርሻ ቢበላ ምን አለበት?» አላት።

እርሷም፣ «ይህ የተራበ ሰው ድርሻ ነው። ባሻ ፈንታ ተርቦ ያውቃል?» አለችው።

«እንግዲያስ ነገ ቦራን እጥላለሁ» አለና ወጣ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።

ዝማምም በዝናቡ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም ወድቃ አምርራ እያለቀሰች፣ «እመቤቴ ሆይ፣ እኔ የሰፈርሁት ለሰባት ነው፤ ለሠላሳ ስድስት መስፈር አላውቅም። ቦራን አታሳርጂብኝ፣ የልጆቼንም ቀለብ አታስነጥቂኝ፣ ባሌንም በሰው ፊት አታዋርጂው፣ ሞኝ ቢሆንም የእኔ ነው» አለች። ያን ጊዜ ሥዕሉ ፊት ብርሃን ሆነ፣ እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ ቆመች። ልብሷ ግን ወርቀ ዘቦ አልነበረም፤ ከብዙ እራፊ የተሰፋ ነበር እንጂ። ዝማምም ትኩር ብላ ባየች ጊዜ እራፊዎቹን አወቀቻቸው፤ ይህ የበኩር ልጇ መጠቅለያ ነው፣ ያኛው የአማቷ ኩታ ጥለት ነው፣ በደረቷ ላይ ያለው የራሷ የሠርግ ቀሚስ ጠርዝ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለነዳያን ዱቄት ስትቋጥርባቸው የኖሩት ጨርቆች አንድ ሳይቀሩ በዚያ ተሰፍተው ያበሩ ነበር።

እመቤታችንም እንዲህ አለቻት፤ «ወለተ ኪዳን ሆይ፣ አንቺ ጨርቅ የሰጠሽ መስሎሽ ነበር፣ እኔ ግን ለበስሁት። እፍኝሽንም አኑሬልሻለሁ። ነገ የሐሙስን ከረጢት ብቻ ክፈች፤ በዚያችው በተሰፋችው ቅል ስፈሪ፤ ሥርዓትሽን አታፍርሽ፣ ስምንተኛውንም ለባለቤቶቹ ስጭ።»

የሐሙስን! ያችን ትንሿን! እኔ ኃጥኡ ብሆን «እመቤቴ፣ የእሑዷ አትሻልም?» ባልሁ ነበር። ዝማም ግን ሰግዳ ተነሣች፣ ፊቷንም ጠርጋ ወደ ቤቷ ገባች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስም ነጋና የዕለቱን ምስጋና አደረሰች፤ የሐሙስ ምስጋና ሙሴ ያያት፣ እየነደደች ያልተቃጠለች ዕፅ የምትታሰብበት ነው። ከዚያም የስምንተኛውን ከረጢት ዱቄት በእራፊ ቋጥራ በታላቋ ልጇ እጅ ወደ ደጀ ሰላም ሰደደች፣ ከሐሙስም ከረጢት እንደ ልማዷ ሦስት ቅል ዱቄትና አንድ ቅል ክክ ሰፈረች፤ ከረጢቷም ባዶዋን ተንጠለጠለች። ወጡን ጣደች፣ ቂጣውን ጋገረች፣ ለሰንበት የጠመቀችውን አንድ እንስራ ጠላም አቀረበች።

ይርዳው ቦራን ከደጃፉ አስሮ ካራውን ይስል ነበር። ገብቶ መሶቡን ባየ ጊዜ፣ «ሠላሳ ስድስት ሰው በዚህ? አብደሻል?» አላት።

«አንተ ሰው፣ ቁጭ ብለው እስኪበሉ ታገሠኝ። አብጄም እንደሆነ ካራው ከእጅህ አልጠፋም፣ በሬውም ከደጅህ አልጠፋም» አለችው። እርሱም ማረዱን ልቡ አልወደደውም ነበርና ታገሠ።

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ከማኅበሩ አባት ከመምሬ ክንፈ ጋር ገብተው ተደርድረው ተቀመጡ፤ ባሻ ፈንታም በሩ ላይ የታሰረውን በሬ አይቶ፣ ፊቱ የቀረበውንም ቂጣ አይቶ፣ «ወይ ጉድ! በሬውን ለማየት፣ ቂጣውን ለመብላት ነው የተጠራነው?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ ይርዳውም ከምሰሶው ሥር ካራውን ይዞ አንገቱን ደፋ። መምሬ ክንፈ ግን ባርከው ቆረሱ፣ ዝማምም ማቅረብ ጀመረች፤ ለመጀመሪያው ገበታ አወጣች፣ መሶቡ አልጎደለም፤ ለሁለተኛው አወጣች፣ አልጎደለም፤ ወጡም እየተጨለፈ ከድስቱ አፍ ዝቅ አላለም። በልቧ ያችን እየነደደች ያላለቀች ዕፅ እያሰበች ታቀርብ ነበር። ሠላሳ ስድስቱም በሉ፣ ጠጡ፣ ጠገቡ፤ ባሻ ፈንታም የወገቡን መታጠቂያ ድጉን ሁለት ጊዜ አላልቶ ሦስተኛ አስጨመረ፣ እንዲያ ያለ የባቄላ ወጥ በዕድሜው ቀምሶ አያውቅምና።

ከዚያም ነገሩ ገረመውና፣ «ይህች ሴት የደበቀችው ጎተራ አላት!» ብሎ ተነሥቶ ጓዳ ዘው አለ፤ ያገኘው ግን የተሰፋችውን ቅል፣ ባዶውን ስምንተኛ ከረጢትና በግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰባት ከረጢቶች ብቻ ነው። «የዛሬው ከየትኛው ነው?» አላት፤ እርሷም ማለዳ ባዶ የሰቀለቻትን ትንሿን ብታሳየው ከረጢቷ ሞልታ አፏ ድረስ ደርሳ ነበር። ባሻ ፈንታም እጁን ሰድዶ ዘገነ፣ አልጎደለችም፤ ደግሞ ዘገነ፣ አልጎደለችም፤ በሦስተኛው ዱቄቱን በእፍኙ እንደያዘ ተንበረከከ።

«ማሪኝ ዝማም! እመቤቴ ማሪኝ! ሦስት ጎተራ ይዤ ስኮራ አንዲት እፍኝ ለድኻ አኑሬ አላውቅም። ቆንቋናውስ እኔ ነኝ!» እያለ ጮኸ። ማኅበርተኞቹም ተግተልትለው መጥተው አዩ፣ ዝማምም ያን ጊዜ በሥዕሉ ፊት ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። መምሬ ክንፈም ስለ እራፊዎቹ ልብስ በሰሙ ጊዜ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እልልታውም ወንዝ ተሻግሮ ተሰማ፣ ዝናቡም በዚያ ሰዓት አባራ።

ይርዳው ካራውን ጥሎ ከሚስቱ እግር ላይ ወደቀና፣ «በሰው ፊት አፈርሁብሽ፣ እመቤታችን ግን ልብስ አድርጋ ለብሳሻለች። ይቅር በይኝ» አላት።

እርሷም እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ፊቷ ግን በርቶ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ። ተነሥ አንተ ሰው፣ ቦራ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም» አለችው። እርሱም ሮጦ ፈታው።

በማግስቱ ቦራ ከጎረቤቱ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ጤፉ ተዘራ፣ ዝማምም ዓርብ ነውና የዓርብን ከረጢት ከፈተች። ባሻ ፈንታ ከራሱ ጋቢ ከረጢት አሰፍቶ በጎተራው አፍ ላይ ሰቀለ፤ ማኅበሩም ከዚያ ወዲያ ጽዋ ለፉክክር እንዳይነሣ፣ በየቤቱም የእመቤታችን እፍኝ እንዲኖር ሥርዓት ሠራ። የዝማም ጎተራስ? እሸቱ በደረሰበት ቀን የመጨረሻዋ ጠጠር ተነሣች፣ የመጨረሻዋም ቅል ተሰፈረች፤ ከሰፈረችው ሳይጎድል፣ ካሰበችው ቀን አንድ ቀን ሳያጥር፣ ልጆቿ አንድ ማታ ጦማቸውን ሳያድሩ ክረምቱ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው የበላው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለነዳያን የሰጠችውንና እመቤታችን ያኖረችላትን እፍኝ ነበርና።

ምእመናን ሆይ፣ እራፊ የለበሰች እመቤታችን ጓዳችሁን ትጎብኝ፣ የጎደለውን ትሙላ፣ የተሰነጠቀውን ትስፋ፤ ጸሎቷም ይህን የነገርሁትን እኔን፣ የሰማችሁትን እናንተን፣ ዛሬ ማታ ተነሥታ ከረጢት የምትሰፋውንም ሴት ይጠብቅ፤ ለእርሷ አማላጅነትን የሰጠ ልጇ ወዳጇም ከአባቱና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ይመስገን፣ ዛሬም ዘወትርም፣ አሜን።