የሰንበሌጥ ሸለቆ ለቅሶ ጠሪ

አንድ ጊዜ፣ ሰንበሌጥ በሚባል ሸለቆ ውስጥ፣ እንስሳት እድር አቋቁመው ይኖሩ ነበር። የእድሩ ደንብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንድ እንስሳ ሲሞት የሸለቆው ነዋሪ በሙሉ ለቅሶ ይደርሳል፤ ከሐዘንተኛው ጋር አንገት ለአንገት ይተሻሻል፤ ሦስት ቀንም አብሮ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ለቅሶ ያልደረሰ እንስሳ እሱ ሲሞት የሚደርስለት የለም። ከሞት ይልቅ ይህን ሁለተኛውን ደንብ የሚፈሩ ብዙ ነበሩ።

የሸለቆው ገዥ አንበሳ ነው። ሲርበው ከተራራው ወዲያ ተሻግሮ ያድናል እንጂ እዚያው ሸለቆ ውስጥ አይበላም፤ ይህንም ነዋሪው እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥርለታል። ጅብ ቀባሪ ነው። ሬሳውን ተረክቦ ወደ ገደሉ ሥር ይወስዳል፤ እንዴት እንደሚቀብረው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ቀበሮ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም፤ ከስብሰባ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ለቅሶ ጠሪዋ አህያ ናት። ከሸለቆው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሞት ሲኖር ጉብታው ላይ ወጥታ ሦስት ጊዜ ታናፋለች። ሦስት ማለት «ኑ» ማለት ነው። አሮጊት እናቷ ከጉብታው በላይ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ትኖር ነበር። የእናቷ ጥርስ አልቋል፤ ደረቷም ከክረምት ክረምት እየደከመ ሄዷል። አህያ በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

በመጋቢት ወር ወደ ሸለቆው ሳል ገባ። መጀመሪያ የሞተው ከርከሮ ነው። አህያ ሦስት ጊዜ አናፋች፤ ሁሉም መጣ፣ ሁሉም አንገቱን አሻሸ። በሳምንቱ የከርከሮ ሚስትና ሁለት ድኩላዎች ሞቱ። አህያ አናፋች፤ አሁንም ሁሉም መጣ። በሚያዝያ መግቢያ ላይ ከጉብታው ወርዳ ሣር ለመጋጥ እንኳ ፋታ አጣች። ሐኪም አልነበረችም፤ ነገር ግን ማን ለማን ቀርቦ እንዳለቀሰ ከላይ ሆና የምታየው እሷ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ሾላው ሥር ስብሰባ ሲጠራ እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ጌታዬ፣» አለች አንበሳን፣ «እኔ መድኃኒት አላውቅም። ለማን እንደማናፋ ግን አውቃለሁ። ከከርከሮ ሬሳ አጠገብ ተቀምጠው ካለቀሱት ሰባቱ ሞተዋል። ለሰባቱ ያለቀሱት ደግሞ ይኸው እያሳሉ ነው። በሽታውን እየጠራሁ የማሰማራው እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ታዲያ አንቺን ብንበላሽስ?» አለ ጅብ። መቀለዱ አልነበረም፤ መፍትሔ ያመጣ መስሎት ነው።

«ቁጭ በል፣ አያ ጅቦ፣» አለ አንበሳ። ጥቂት አሰበና ፍርዱን ሰጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከጎሬው አይውጣ። ወጥቶ የተገኘ ይበላል።»

«በማን?» ሲል ቀበሮ ጠየቀ።

«በሕግ።»

በዚያ ሳምንት አንበሳ ተራራውን አልተሻገረም፤ መሻገር አላስፈለገውም። ሚዳቋ ሁለት ቀን ውሃ ሳትቀምስ ቆይታ በሦስተኛው ወደ ምንጩ ስትወርድ ከሕግ ጋር ተገናኘች። ባሏ የሚያለቅስበት ሬሳ እንኳ አላገኘም። በሳል የሚሞተው በእርግጥ ቀንሶ ነበር፤ በጠቅላላው የሚሞተው ግን አልቀነሰም።

ቀበሮ በበኩሉ ከጎሬ ጎሬ እየዞረ፣ ከጎሬ መውጣት የእያንዳንዱ መብት እንደሆነ ያስተምር ጀመር።

«እግሩ የራሴ፣ ሳንባው የራሴ፣» ይላል። «ለወንድሜ እንዳላለቅስ የሚከለክለኝ ማን ነው?»

ወንድም አልነበረውም። ሁሉም ለቅሶ ላይ በሚውልበት ቀን ከየጎጆው እንቁላል እንደሚጎድል ጅግራ ካስተዋለች ዓመታት አልፈዋል። አህያም ይህን ታውቃለች። ያስቸገራት፣ ቀበሮ ለሆዱ ብሎ የሚናገረው ነገር ራሱ ውሸት አለመሆኑ ነው። የሚዳቋ ባል ተቀምጦ ሲሰማው አይታለች፤ ዓይኑ እንደ ደረቀ ነበር።

ሦስት ቀን አሰበችና ወደ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ሦስቱን ወደ አንድ ላውርደው። አንድ ጊዜ ሳናፋ ሁሉም በየደጃፉ ይቁም፤ ፊቱን ወደ ሐዘንተኛው አዙሮ ያልቅስ። እንዳያለቅስ አይከልከል፣ እንዳይነካካ ብቻ። ወደ ምንጩም በተራ ይውረድ። የሚበላ ደግሞ አይኑር።»

«የሚበላ አይኑር ያልሽው እኔን ነው?»

«ሕጉን ነው፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ተስማማ። ምናልባት ሕጉ ጠግቦ ነበር።

የሩቅ ለቅሶ መጀመሪያ ላይ አሳፈራቸው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ማልቀስ፣ አፍ ሳይከፍቱ እንደ መዝፈን ያለ ሆነባቸው። እየቆየ ግን አንዱ ከወንዙ ወዲህ ሲጀምር ሌላው ከወዲያ እየተቀበለ፣ ሸለቆው በሙሉ እንደ አንድ ቤት ማልቀስ ቻለ። ሐዘንተኛውም መሀል ላይ ቆሞ ይሰማል። የሚዳቋ ባል ለሚስቱ ከወር በኋላ በዚህ ዓይነት ተለቀሰለት፤ በማግስቱም ሣር ሲግጥ ታየ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አህያ ጉብታው ላይ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እናቷን የምትጠይቀው ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ከግራር ቁጥቋጦ ወዲህ ቆማ ነበር።

«ቅረቢ እንጂ፣ አልነክስሽም፣» አለቻት አሮጊቷ።

«እዚያው ሁኚ፣ እማዬ።»

«ጥርስ የለኝም እኮ።»

«ሳሉም ጥርስ አይፈልግም።»

አሮጊቷ ጆሮዋን ጣለች። «ጎሽ ስትሞት ያለቀስኩላት ከደጄ ቆሜ ነው። አፍሬያለሁ። አባትሽ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቤ አልተነሳችም። እሷን ከሩቅ?»

«ሰምታሽ ቢሆን ደስ ይላት ነበር።»

«ምን ትሰማለች፣ በሕይወቷም ደንቆሮ ነበረች።» አሮጊቷ ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ተወችው። «ይሁን። አንድ ስታናፊ እቆማለሁ። ሦስት ስታናፊ እመጣለሁ። የሌላውን ወሬ አልሰማም፣ ያንቺን ድምፅ እንጂ።»

አህያ በዚያ ቀን ከቋጥኙ ስትወርድ ልቧ ቀሎት ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ እናቷን ደብቃ ማቆየት ከቻለች፣ ከክረምቱ በኋላ ሳሉ ይሄዳል ብላ አሰበች።

በግንቦት አጋማሽ የአንበሳ አጎት ሞተ። የሞተው በሳሉ ነው፤ በይፋ የተነገረው ግን በእርጅና መሆኑ ነው። መልእክቱን ለአህያ ያደረሰላት ቀበሮ ነበር።

«ሦስት ጊዜ አናፊ ተብለሻል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የአንበሳ መልእክተኛ የሆንከው?»

«ከትናንት።»

«ነፃነት ስትል የከረምከውስ?»

«አሁንም ያው ነኝ። ሁሉም በነፃነት ይመጣል። ያልመጣ ይበላል።»

አህያ ሮጣ አንበሳ ዘንድ ደረሰች። አንበሳ ጎፈሩን አበጥሮ ከሬሳው ራስጌ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ አንዱ ይበቃል። አጎትዎን ሸለቆው በሙሉ ከየደጃፉ ያለቅስላቸዋል።»

«አንድ ለድኩላ ነው። ለአጎቴ አንድ ጊዜ ብታናፊ ድኩላ ሞተ ይባላል።»

«ለሁሉም አንድ እንዲሆን ተስማምተን ነበር።»

«ለቅሶን በሚመለከት ተስማምተናል። ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው።»

«ሳሉ ይህንን ይለያል ወይ፣ ጌታዬ?»

«አስረጂው፣» አለ አንበሳና ፊቱን ወደ ሬሳው መለሰ።

አህያ ወደ ጉብታው ወጣች። ቀድማ እናቷ ዘንድ ሮጣ «አትውረጂ» ለማለት አሰበች፤ ነገር ግን ወደ ቋጥኙ የሚወስደው መንገድ ከታች ይታያል፣ አንበሳም ከታች ቆሞ ያያት ነበር። ጉሮሮዬን አሞኛል ለማለት አሰበች፤ ጉሮሮውን ያመመው ደግሞ ሳል ይዞታል እንደሚባል ታውቃለች። አንድ ጊዜ አናፋች። በየደጃፉ የቆሙት ፊታቸውን ወደ አንበሳ ዋሻ ሲያዞሩ ከላይ አየቻቸው። ያምር ነበር። እዚያ ላይ ልታቆም ምንም አልቀራትም።

አንበሳ ራሱን ቀና አደረገ።

ሁለተኛውን አናፋች። ሦስተኛውንም።

ከየደጃፉ ተነቃነቁ። ግማሹ ፈርቶ መጣ፤ ግማሹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎት መጣ፤ የጓደኛውን አንገት ከነካ ሰንብቷልና። ጅብ ማንም ሳይቀድመው ደረሰ። «የአንበሳ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፣» ብሎ ለጎረቤቱ ለጦጣ ሲያንሾካሹክ አንበሳ ሰማውና ሬሳውን አፈር ውስጥ እንዲቀብር አዘዘው። ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ ቆፈረ። ሲቆፍር ውሎ ምን እንደበደለ አልገባውም።

አህያ ዓይኗን ከላይኛው መንገድ ላይ አልነቀለችም። ሊመሽ ሲል አሮጊቷ እያነከሰች፣ በየድንጋዩ እያረፈች ብቅ አለች። አህያ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«እማዬ፣ ተመለሺ።»

«ሦስት ጊዜ ጠርተሽኝ?»

«ታዝዤ ነው። እኔ አይደለሁም የጠራሁሽ።»

«ድምፁ ያንቺ ነው፣» አለች አሮጊቷ፣ አልፋትም ሄደች። ሦስቱን ቀን ከከርከሮ ልጅና ከጦጣ መሀል ተቀመጠች። ሁለቱም ያስሉ ነበር። የመጣችበትን ለቅሶ በወጉ አልቅሳ፣ ያላሻሸችው አንገት ሳይኖር ወደ ቋጥኟ ተመለሰች። በዕድሜዋ ካሳለፈቻቸው ቀኖች መካከል እንደነዚያ ሦስቱ ደስ ብሏት የዋለችበት ጥቂት ነው።

በአስራ አንደኛው ቀን ሞተች። አህያ ከግራሩ ቁጥቋጦ ወዲህ ቆማ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ስትሰማ ነበር ያደረችው። እናቷ አንድ ጊዜ «ቅረቢ» አለቻት። አህያ አልቀረበችም። እናቷም ደግማ አልጠራቻትም።

ረፋድ ላይ ወደ ጉብታው ወጣች። በዚያ ሳምንት ብቻ አስራ አራት ሞተዋል፤ ለአስራ አራቱም ሁሉም እየተሰበሰበ በአንድ ላይ አልቅሷል፤ ከአጎትየው ቀብር በኋላ ደጃፍ ላይ የሚቆም ጠፍቷልና። አህያ ግን ደንቡን አልተወችም። አንድ ጊዜ አናፋች። ከዚያ ከየደጃፉ የሚመጣላትን ድምፅ ጠበቀች።

ድምፅ አልመጣም። ራሳቸው መጡ።

ከአራቱም አቅጣጫ፣ እየተደጋገፉ፣ እያሳሉ ጉብታውን ይወጡ ጀመር። ቀበሮ አልነበረበትም፤ ከጎሬው ውስጥ ሲያስል ጅግራ ሰምታዋለች። አንበሳም አልመጣም፤ ዋሻው አፍ ላይ ተኝቶ ዝንቡን ማባረር አቅቶታል አሉ።

«በየደጃችሁ ቁሙ፣» አለች አህያ። «አንድ ጊዜ ነው ያናፋሁት። አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል፣» አለች ጦጣ። «ለአንበሳ አጎት ሦስት፣ ለእናትሽ አንድ? እኛ በዚህ አንስማማም። እሷ ከማን ታንሳለች?»

«ከማንም አታንስም። ግን ታማችኋል እኮ...»

«ዝም በይ፣ እመት አህያ። ሐዘንተኛ ብዙ አይናገርም። ለሁላችን ስታናፊ ኖረሽ ዛሬ ብቻሽን እንተውሽ?»

ጅብ ከቋጥኙ ሥር ወዳለው ሬሳ ተጠጋ። አጠገቡ ቆመና አፍንጫውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገው።

«እመት አህያ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ምንም አይሸተኝም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም አላሰኘኝም። ይሄ ነገር ምን ይሆን?»

 ጅብ ካላሰኘው ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በቀር ሁሉም ገባው። ቢሆንም ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። በደንቡ መሠረት ተሰለፉ፤ ከሰልፉ ፊት የቆመው የሚዳቋ ባል ነበር።

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ቋጥኙ ጀርባዋን እስኪነካት አፈገፈገች። የሚዳቋ ባል ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ያፏጫል።

«ለሚስቴ ከደጃፍሽ ቆመሽ አልቅሰሻል፣» አላት። «የእኔ ለቅሶ ግን ከሩቅ አይሆንም። ነውር ነው።»

ልትነግረው የምትችለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ሁሉንም ቀደም ሲል ነግራቸዋለች። እናቷን ሳትነካ ተሰናብታለች፤ ይህን ሁሉ አንገት ሳትነካ የምትኖርበት ሸለቆ ደግሞ አልቀረላትም። አንገቷን ሰጠችው። ከእሱ ኋላ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ከዚህ የምንማረው የእያንዳንዱን ነፃነትና የሁሉንም ጤና አስታርቆ የሚያኖር ደንብ ጸንቶ የሚቆየው ከገዥው ጀምሮ በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል ሲከብድ ብቻ መሆኑን፣ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ለመማር የቀረነው ጥቂት ስንሆን መሆኑን ነው።