የሞላው ምንጣፍ

አንድ የታክሲ ሹፌር ደሴ ውስጥ ነበር። ስሙ ይመር ነው። ታሪኩን የነገረኝ መኪናውን የሚሠራለት መካኒክ ሲሆን፣ እኔ የጻፍኩት ከሰማሁት በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በስህተት አስታውሼ ይሆናል። ለምሳሌ ዝናቡ ሳያባራ የዘነበው ዘጠኝ ቀን ይሁን አሥር እርግጠኛ አይደለሁም። ዘጠኝ ብዬ ልቀጥል።

ይመር ጠንቃቃ ሰው ነበር። መኪናው አሮጌ ብትሆንም የቤቱ እንጀራ የሚወጣው ከእሷ ነው። የደሴ ክረምት ደግሞ ለመኪና ወለል አይራራም። ተሳፋሪው ሁሉ በጫማው ጭቃ ይዞ ይገባል፤ ጭቃው ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ሞኬት ያረጥበዋል፤ የራሰው ሞኬት ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ባለፈው ክረምት የጋቢናው ወለል ዝጎ ስለተበሳ በብየዳ ተጠግኗል። በያጁም «ከእንግዲህ የሚበየድ ብረት አልቀረም፤ ሁለተኛ እንዳታመጣት» ብሎ ነበር።

ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ይመር የጎማ ምንጣፍ ሊገዛ ሐጂ ሲራጅ ሱቅ ሄደ። ሐጂ የመኪና ዕቃ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ይመር ሦስት ዓይነት ምንጣፍ ከመደርደሪያ አስወረዳቸው። አንደኛው ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ያምራል፣ ግን ውሃ ይጠጣል። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ውሃው በላዩ ሄዶ በጠርዙ ይወርዳል። ሦስተኛው ወፍራም ጎማ ሆኖ መሃሉ በቦይ በቦይ የተከፋፈለ ነው፤ ጠርዙም ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ቀና ብሏል። ይመር ሦስቱንም አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አሸተተ፤ ከዚያ እንደገና ከአንደኛው ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ሚስትህንም ስትመርጥ እንዲህ ነው ያገላበጥካት?» አሉት ሐጂ።

«ኧረ እሷን የመረጠችልኝ እናቴ ናት።»

«ለዚያ ነዋ ደህና ሴት የደረሰችህ! ላንተ ቢተው እስካሁን ትመርጥ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ሐጂ ሦስተኛውን አንስተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ይኸን ውሰድ። ጭቃውን ይይዝልሃል። ግን ልብ በል፤ ይይዘዋል እንጂ አይበላውም። ማታ ማታ እያወጣህ ድፋው።»

ይመር የተባለውን አደረገ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ መኪናዋን በሩ ላይ ያቆምና የገዛቸውን አራት ምንጣፎች አንድ በአንድ እያወጣ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል። ጎረቤቶቹ «መጣ የምንጣፍ ሞግዚት» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቤት ይገባል።

ቤት ውስጥ ሚስቱ እታገኝ አለች። ይመር ቁጭ ከማለቱ በፊት ቀኑን ይዘረግፍላታል፦ ትራፊክ ፖሊሱ ያለ ጥፋቱ አቆመው፤ ተራ አስከባሪው በሰው ፊት ሰደበው፤ አንዲት ተሳፋሪ በሩን ደርግማ ሄደች። እሱ ሲያበቃ አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ከአልጋቸው ላይ ይቀጥላሉ፦ ጉልበታቸው ይነዘንዛቸዋል፤ ዘመድ ረስቷቸዋል፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል። እታገኝ ለእሱ «አብሽር» ትለዋለች፤ ለእሳቸው «አብሽሩ እማማ» ትላቸዋለች። ሰፈሩ ሁሉ «ሆደ ሰፊ ናት» ይላታል። እሷ ራሷ ቀን ቀን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። እዚያ ምን እንደሚገጥማት ግን ይመር አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ያ የዘጠኝ ቀን ዝናብ መጣ። ይመር ደከመው። በመጀመሪያው ማታ «ነገ እደፋዋለሁ» አለ። በሁለተኛው ማታ ከመኪናው ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ አየና «ጠርዙ ገና ነው፤ ይይዛል» አለ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማየቱንም ተወው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እታገኝ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«መናኸሪያ አድርሰኝ» አለችው። «ሐይቅ ከተማ፣ እህቴ ጋ ልሄድ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«አላውቅም።»

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ደከመኝ፣ ይመር። ሌላ የምለው የለኝም።»

እናቱ ከውስጥ «እኔን ለማን ጥላኝ ነው የምትሄደው?» አሉ። እታገኝ ተመልሳ ገብታ ጉልበታቸውን ሳመችና ወጣች።

ጋቢና ገብታ እግሯን ስታሳርፍ ጫማዋ ውሃ ውስጥ ጠለቀ። ምንጣፉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

«ውይ! ይቅርታ እታገኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ይመር። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳልደፋው!»

እታገኝ እግሯን አላነሳችም።

«ለዘጠኝ ቀን ነው ይቅርታ የምትለው?» አለች። «እኔ ካገባሁህ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ይመር ሚስቱን መናኸሪያ አድርሶ ካሳፈረ በኋላ የሚናደድበት ነገር ፈለገ፤ ያገኘው ምንጣፉን ነበር። ሲያነሳው ሞኬቱ በስብሶ ይሸታል። ጭቃ እያንጠባጠበ ተሸክሞት ሐጂ ጋ ሄደ።

«ሐጂ፣ ይኸ ዕቃ የማይረባ ነው! ውሃው አልፎ ሥሩን አርሶታል። ይቀይሩልኝ።»

ሐጂ ምንጣፉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ስንጥቅ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«መጨረሻ የደፋኸው መቼ ነው?»

ይመር ጭቃ የነካ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ምንጣፉ ምንም አልሆነም፤ ሞልቶ ነው» አሉ ሐጂ። «ጠፍጣፋው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ያስታውቅህ ነበር። ይኸ ግን ጠርዙ ረጅም ነው። ችሎ ችሎ፣ ሲያቅተው ነው የሚያፈሰው። አንተ ደግሞ የሚችል ነገር ስታይ የማይሞላ ይመስልሃል።»

ይመር ምንጣፉን ተቀብሎ ታቅፎት ቆመ። የጭቃው ውሃ ሸሚዙን እያራሰው ነው።

«ሐጂ» አለ በመጨረሻ፣ «እታገኝ ሄዳለች።»

ሐጂ ምንጣፉን ከእጁ ወስደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ወዴት?»

«ሐይቅ። እህቷ ጋ።»

«ታዲያ እዚህ ከኔ ጋር ስለ ጎማ ምን ያጨቃጭቅሃል?»

በሚቀጥለው እሁድ ይመር ሐይቅ ሄደ። መንገድ ላይ ራሱን አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፦ ስለ ትራፊኩም፣ ስለ ተራ አስከባሪውም፣ ስለ እናቱም አንድ ቃል ላይናገር። እታገኝ ፊት ተቀምጦ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላት፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። በስምንት ዓመት ውስጥ ጠይቋት መልሷን ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነበር።

በየቤቱ ጠርዙ ቀና ያለ አንድ ሰው አለ። እናት ትሆናለች፣ ታላቅ ወንድም ይሆናል፣ አንዳንዴም የሥራ ባልደረባ ነው። ሁላችንም ከውጭ ይዘን የገባነውን ጭቃ እሱ ላይ አራግፈን እናልፋለን። ስለሚይዝልን እናመሰግነዋለን፣ ሆደ ሰፊ እንለዋለን። ምስጋናው ግን ከውስጡ አንዲት ጠብታ አያወጣለትም። ቻይ ሰው ዝም ያለው ስላልሞላ አይደለም፤ ጠርዙ ስለረዘመ ነው። ቶሎ የሚቆጣው ሰው ገና ከጠዋቱ ያስታውቀናል። የሚችለው ግን የሚያስታውቀን ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ነው። የገዛነውን ዕቃ ማታ ማታ ለማጽዳት የማንሰንፍ ሰዎች፣ ያንን ሰው አስቀምጠን ለመስማት ለምን እንሰንፋለን?

በእናንተ ቤት ይህ ሰው ማን ነው? ራሳችሁ ከሆናችሁስ፣ መጨረሻ የጠየቃችሁ ማን ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር። ታሪኩ ሲወራ፣ ይመር ያን እሁድ እንደጠየቃት እታገኝ አልቅሳ የልቧን ነግራው ዕለቱን አብራው ተመለሰች ይባላል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እንደዚያ ነው። በኋላ የእታገኝን እህት አግኝቼ ጠየቅኋት። ይመር አራት እሁድ ተመላልሶ ጠይቋታል፤ አራቱንም እሁድ የመለሰችለት «ደህና ነኝ» ብቻ ብላ ነው። መናገር የጀመረችው በአምስተኛው ነው።