ቡችላው፣ ጦጢት እና ያልደረቀችው ታንኳ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጆሮህን ይዘህ ና፤ እግርህ እዚያው ቢቀር ግድ የለኝም።

በድሮ ዘመን፣ ጣና ሐይቅ ገና ኩሬ ሳለ፣ በዳርቻው አያ እንዳላማው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። አያ እንዳላማው ደግ ነበረ፣ ብቸኛ ነበረ፣ ሆደ ባሻ ነበረ። ሲቀዝፍ ዓሣዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያሳልፉት ነበር ይባላል። ማን ይላል? እኔ እላለሁ!

ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ጭር አለበት። አንድ ቡችላ አመጣና ስሙን አጫውተኝ አለው። ትንሽነቱን ብትጠይቁኝ፣ ሲያዛጋ ተገልብጦ የገዛ አፉ ውስጥ ሊገባ ይደርስ ነበር። አጫውተኝ ታማኝ ነበረ፣ የዋህ ነበረ፣ ብቻውን መሆን ግን አይችልም ነበር።

አያ እንዳላማው ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨት ጭኖ ማዶ ገበያ ይሻገራል። ቡችላ ደግሞ ታንኳ ላይ አይሆንም፤ አንዲት ዳክዬ ካየ ዘሎ ውሃ ውስጥ ነው።

«አየህ ልጄ፣» አለው አንድ ቀን፣ ታንኳዋን ደጁ ካለው ዋርካ ጋር አስደግፎ እያቆመ። «ታንኳ ከደንገል ቄጠማ የታሰረች ናት። ደንገል ውሃ ይጠጣል። አንዴ ከተሻገረች ቆማ ፀሐይ መሞቅ አለባት። እርጥቧን የጫናት ሰው ከመሐል ሐይቅ አያልፍም። ስለዚህ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ማዶ አድራለሁ፣ ስትደርቅ እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ። አንተ ቤት ትጠብቃለህ። ተስማማን?»

አጫውተኝ ጭራውን ቆላ። አንዲት ቃል አልገባውም።

አያ እንዳላማው ያስተምረው ጀመር። አሮጌ ጋቢውን ደጃፉ ላይ አነጠፈለትና «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱ «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ምንጭ ወርዶ ተመለሰ። በሦስተኛው «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ሐይቁ ዳር ውሎ ተመለሰ።

ቡችላው ጋቢው ላይ ይተኛል። ጋቢው አያ እንዳላማውን አያ እንዳላማውን ይሸታል፤ ጭስ፣ ዓሣ፣ ላብ። አፍንጫውን እዚያ ውስጥ ሲቀብር ልቡ ይረጋል። «ደርሼ መጣሁ ያለ ይመጣል» ብሎ አመነ።

ቅዳሜ ደረሰና አያ እንዳላማው ተሻገረ። አጫውተኝ ትንሽ አለቃቀሰ፣ ጋቢውን አሸተተ፣ ዝም አለ። እሁድ ከሰዓት ታንኳዋ እንደ ላባ ቀልላ መጣች። ገበያ የዋለ ሰው ለልጅ ባዶ እጁን አይገባምና አያ እንዳላማው ቆሎ ይዞለት ነበር።

ይህን ሁሉ ከዋርካው ላይ የምታይ ጦጢት ነበረች። ጦጢት ብልጥ ነበረች፣ ሆዳም ነበረች፣ የሰው ኀዘን አይገባትም ነበር። ቆሎውን ባየች ጊዜ ምራቋ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ወርዶ ሥሩን አበሰበሰው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታንኳዋ ገና ከዓይን ሳትጠፋ ጦጢት ወረደች።

«አንተ ጅል፣ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ?»

«ደርሼ መጣሁ ብሎኛል።»

«ኤድያ! ዝም ያለ ልጅ ይረሳል። የገበያ ልጆችን አላየሃቸውም? ያለቀሰው ነው ቆሎ የሚያገኘው። አላዝን! ቶሎ ይመጣል። ቆሎውን ታዲያ ለእኔም ታካፍለኛለህ።»

አጫውተኝ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ አላዘነ። እንዴት አላዘነ መሰላችሁ! ጉማሬዎቹ ግልገሎቻቸው የሞቱ መስሏቸው ተላቀሱ፤ ሐይቁ ዛሬ ትልቅ የሆነው በዚያ ቀን እንባ ነው። ካላመናችሁ ውሃውን ቅመሱት፤ ጨው ጨው ካላላችሁ ምላሳችሁን አሳዩኝ።

ድምፁ ማዶ ደረሰ። አያ እንዳላማው እሁድ ከሰዓት መሆኑ ቀርቶ በማለዳ መጣ። ታንኳዋ ግማሽ እርጥብ ነበረች።

«ምን ሆንክብኝ ልጄ?» ብሎ አቀፈው። ቆሎውን ሰጠው። ጦጢት ድርሻዋን ወሰደች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። «አላዝን!» አለች ጦጢት። አላዘነ። አያ እንዳላማው ማዶ ሳያድር፣ ያንኑ ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረሰ። ታንኳዋ ጠቁራ፣ ከብዳ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነበር። ከዋርካው ጋር ሊያቆማት ሲሞክር አቃተው፤ ጭቃው ላይ ጥሏት ገባ።

«ልቤን በላኸው እኮ፣» አለው ቡችላውን። አልተቆጣውም። ቢቆጣው ኖሮ ጥሩ ነበር።

«አየህ?» አለች ጦጢት ቆሎዋን እየቆረጠመች። «ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው።»

በዚያው ሳምንት ክረምት ገባ። ፀሐይ ጠፋች። ታንኳዋ እንደረጠበች ሰነበተች። ቤት ውስጥ ግን እህል አልነበረም፤ አራተኛው ቅዳሜ ሲደርስ አያ እንዳላማው እንጨቱን ጫነ። ጋቢውን አነጠፈ።

«ደርሼ መጣሁ፣ አጫውተኝ። እንግዲህ ዛሬስ አታልቅስብኝ፣ እ?»

ቡችላው ሊተኛ ነበር። አፍንጫውን ጋቢው ውስጥ ቀብሮም ነበር።

«አላዝን!» አለች ጦጢት።

አላዘነ።

ልጆች፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን አላጋንንም።

ከሰዓት ላይ ታንኳዋ ከሩቅ ታየች። አጫውተኝ በደስታ ወደ ዳርቻው ሮጠ። ግን ታንኳዋ እንደ ሌላው ቀን ከውሃው በላይ አልነበረችም። አያ እንዳላማው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ይቀዝፋል፤ አትሄድም። ይቀዝፋል፤ ትወርዳለች።

አጫውተኝ ያን ጊዜ ገባው። «ዝም ብል ወደ ማዶ ይመለሳል» አለ በልቡ። ዝም አለ። ምላሱን ነክሶ፣ ሆዱን ጭቃው ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ዝም አለ።

ቀና ሲል ሐይቁ ላይ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጥሩአየሁ የምትባል የማዶ እህል ነጋዴ በሰው ታንኳ ተሻግራ መጣች። ቡችላውን ጋቢው ላይ አገኘችው። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ትደር፣ ትድረቅ አልኩት፣» አለች፤ ለቡችላው ይሁን ለራሷ አይታወቅም። «ለመንኩት። ‹ልጁ እያለቀሰ አይሰማሽም?› አለኝ። እኔ ምን ልበለው? ይሰማኝ ነበር።»

ከመቀነቷ ቆሎ ፈታች። «ይህን ላንተ ገዝቶ ነበር፤ ሲቸኩል እኔ ጋ ረሳው።»

አጫውተኝ አልቀመሰውም። ጦጢት ግን ሽታው ጠርቷት ከዋርካው ወረደች።

«ድርሻዬስ?» አለች።

«አንቺ ነሽ አላዝን ያልሽኝ!»

«እኔ ምን አደረግሁ? ጉሮሮው ያንተ!»

ቡችላው ዘለለባት። እሷ ወደ ላይ፣ እሱ ከሥር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዋርካው ዘብ ሆነ። ጦጢት መሬት የወደቀ ፍሬ እያየች፣ ቆሎ እያሸተተች፣ ቅጠል ስታኝክ ኖረች፤ ከመክሳቷ የተነሣ ንፋስ ሲነፍስ ከቅርንጫፉ ጋር በጭራዋ ትታሰር ነበር። ዛሬም ውሻ ጦጣ ሲያይ ሳያባርር የማያልፈው፣ ጦጣም ውሻ ሲያይ ዛፍ የሚወጣው በዚህ ነው። ውሻ ሲያላዝን ትልልቅ ሰዎች ደንግጠው «ዝም በል!» የሚሉትም፣ የአያ እንዳላማው ነገር ትዝ እያላቸው ነው።

እትዬ ጥሩአየሁ ቡችላውን ልትወስደው ሞከረች። አልሄድ አለ። ስለዚህ እሷው እቃዋን ጠቅልላ መጣችና እዚያው ቤት ገባች። ክረምቱ አልፎ አንድ ቅዳሜ ማዶ ገበያ ልትሻገር ስትል ጋቢውን ደጃፉ ላይ አነጠፈች። ጭሱ ለቆታል፣ ዓሣው ለቆታል፤ ጥግ ላይ ትንሽ ላብ ቀርቷል።

«ደርሼ መጣሁ፣ አጫውተኝ።»

አላለቀሰም። አፍንጫውን እዚያች ጥግ ላይ ቀብሮ፣ ዓይኑን ሐይቁ ላይ ተክሎ ጠበቀ። እትዬ ጥሩአየሁም ማዶ አደረች፤ ታንኳዋ ስትደርቅ እሁድ ከሰዓት መጣች። ቡችላው እየሮጠ ወረደና እግሯን አሸተተ። ከዚያ አልፏት ሄዶ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየ።

እንግዲህ ልጆች፣ የሚወዳችሁ ሰው «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ሲወጣ እመኑት፤ በሰላም እንዲመለስ ጊዜ ስጡት። ልታለቅሱ ስትሉ ደግሞ፣ የእናንተን እንባ ለቆሎ የሚፈልግ ከዛፉ ላይ አለመኖሩን ቀና ብላችሁ እዩ።

እኔም ተረቴን ከዋርካው ጋር አስደግፌ አቁሜዋለሁ። ገና እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ እናንተ አሻግሩት።